ደም መጣጩ በሽተኛ ነው ወይስ ጭራቅ? የቅዳሜው የንባብ ክበብ ጭቅጭቅ

ቀሃ ዳር፦
ቅዳሜ ማታ ከንባብ ክበቡ ስወጣ ሆዴ አርሮ ነው። ለሚቀጥለው ወር እንድናነበው የቀረበው መጽሐፍ የአሜሪካዊው የሪቻርድ ማቲሰን «አይ አም ሌጀንድ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የታተመው፣ ደም መጣጮቹ፣ ማለትም ከመቃብር ተነስተው ሌሊት የሰው ደም ይጠጣሉ የሚባሉት ቫምፓየሮች፣ በባክቴሪያ የተለከፉ በሽተኞች የሆኑበት ልብ ወለድ። አንድ የምናከብራቸው ሰው ብድግ ብለው «ይህ መጽሐፍ ለጎንደር አይሆንም። ቡዳ ለሚፈራ አገር ደም መጣጭነት ይተላለፋል ብሎ መስጠት በእሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው» አሉ። ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ውስጥ መጽሐፉን የገለጠው ስንቱ ነው?

መጽሐፉ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጭራቁን ከሲኦል አውጥቶ ማይክሮስኮፕ ስር ያስቀምጠዋል። ኔቪል የሚባለው ሰውዬ በከተማው የቀረው ጤነኛ እሱ ብቻ ነው። ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ቀን ቀን ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ስለ ደም ያነባል፣ ነጭ ሽንኩርት ለምን እንደሚያባርራቸው ይመረምራል፣ በመጨረሻም ጀርሙን ያገኘዋል። እርግማን ሲሆን የሚቀርህ መግደል ብቻ ነው። በሽታ ካልነው ግን ምሕረት አለው። ይህን ማንበብ ከማንም በላይ የሚያስፈልጋት ጎንደር ናት ባይ ነኝ። የማይስማማ ይምጣ።

የአዘዞው፦
ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ፤ አላፍርበትም። ወንድምዓለም፣ «በሽታ ካልነው ምሕረት አለው» አልክ። የት አገር ነው የኖርከው? ኤችአይቪ የገባ ጊዜ በሽታ መሆኑን ያልሰማ ነበር? ሬዲዮው ቀን ከሌት ይለፍፍ ነበር። አከራይ ተከራይዋን አላስወጣም? ዘመድ ሬሳ ለማጠብ አልሸሸም? ብርጭቆ አልተለየም? በሽታ መባሉ ምሕረት አላመጣም፤ የመሸሻ ምክንያት ነው የጨመረው። ቡዳ የፈራ ሰው ለልጁ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ቋጥሮ ያንጠለጥልለታል፤ ከጎረቤቱ ጋር ግን ቡና ይጠጣል። ቡዳነት እንደ ጉንፋን ይጋባል ብለህ ካሳመንከው ቡናውንም ያቆማል። ሰውዬው የተናገሩት ይህንን ነው። ልጆች ያሉን ሰዎች ነን፤ ገብቶናል።

ማራኪ ግቢ፦
ጋሼ፣ ይጋባል የሚለውን ማቲሰን አልፈጠረውም። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበረ ነው። ሰርቢያ ውስጥ ሜድቬጃ በምትባል መንደር የደረሰውን የኦስትሪያ ጦር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1732 በጽሑፍ መዝግበውታል። አንድ ሰው ከድርቆሽ ጋሪ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሞተውን ሁሉ እሱ ነው የገደለው ተባለ። እሱ የነካቸው ደም መጣጭ ሆኑ፣ እሱ ደሙን የመጠጠውን ከብት ሥጋ የበላም ሆነ ተባለ። መቃብር ለመቃብር ተዳረሰ፣ ሬሳው እየወጣ ተቃጠለ። ይህ እንግዲህ የወረርሽኝ ታሪክ ነው፤ ባክቴሪያ የሚለው ስም ብቻ ነው የጎደለው። ስለዚህ «መጽሐፉ ተላላፊ አደረገው» የሚለው ክስ አይቆምም።

ቀሃ ዳር፦
ተባረክ። ያንን ያስቆመው ማን እንደሆነ ደግሞ ጨምርበት። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ሐኪም የነበረው ቫን ስዊተን እ.ኤ.አ. በ1755 ጉዳዩን መርምሮ ድንቁርና ነው ብሎ ጻፈላት፤ እሷም ሬሳ ማውጣትና ማቃጠል በአዋጅ ከለከለች። ያስቆመው የሐኪም ዓይን ነው። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

የአዘዞው፦
እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያነበብኩት። ያስቆመው አዋጅ ነው፤ አዋጅ የሚያስከብር ወታደር ነው። ምሕረቱ የት አለ? አንተ ያልከው ምሕረት ነው፤ አሳየኝ።

ማራኪ ግቢ፦
እውነቱ ይነገር ካልን በዚህ ነጥብ ጋሼ የአዘዞው ሚዛን ይደፋሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1892፣ አሜሪካ ውስጥ ሮድ አይላንድ፣ ኤክሰተር በምትባል የገጠር መንደር እናት ሞታለች፣ እህት ሞታለች፣ ሜርሲ ብራውን የተባለችው የ19 ዓመት ልጅም በክረምት ሞተች፤ ሁሉም በሳንባ ነቀርሳ። ወንድሟ ታሞ ተኝቷል። መንደርተኛው «ከሙታን አንዷ እየመጠጠችው ነው» ብሎ ሬሳቸውን አወጣ። የሜርሲ አስከሬን በክረምቱ ብርድ ከመሬት በላይ በድንጋይ ቤት ስለነበር አልፈረሰም። ይህን እንደ ማስረጃ ቆጥረው ልቧን አቃጠሉ፤ አመዱን በውኃ በጥብጠው ለወንድሟ አጠጡት። በሁለት ወር ውስጥ ሞተ። ጀርሙ ታውቋል፣ ሐኪም አለ፣ ጋዜጣ አለ። ምሕረት ግን አልመጣም።

ቀሃ ዳር፦
ጀርሙን ኮክ አውቆታል፤ ያ መንደር አላወቀውም! ልዩነቱ እኮ ይኼ ነው። በርሊን ላይ የታወቀ ነገር ኤክሰተር ካልደረሰ፣ የሚያደርሰው ምንድን ነው? ሰው የሚያነበው ነገር ነው። ልብ ወለድ ነው። አሁን አንዱን የሕክምና መጽሔት አምጥቼ ክበቡ ላይ ባነብ ማን ይቀመጥልኛል?

ዳሽን ማዶ፦
ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ዊል ስሚዝ የሠራው። እዚያ ላይ ደም መጣጭ የለም፣ ከካንሰር መድኃኒት የተነሳ ቫይረስ ነው። መጨረሻውም ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ይገኛል፣ እሱ ራሱን ይሠዋል። ይህ ለጎንደር ያልሆነ ለማን ይሆናል? ምኑ ነው የሚያጨቃጭቃችሁ?

ቀሃ ዳር፦
እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን ፊልም አይቶ መጽሐፉን አነበብኩ የሚል ሰው እንዳይሳሳት። መጽሐፉ ውስጥ መድኃኒት አይገኝም፣ መሥዋዕትነትም የለም። የመጽሐፉ መጨረሻ የፊልሙ ተቃራኒ ነው፤ ፊልሙ ያበላሸውም እሱን ነው።

ዳሽን ማዶ፦
ታዲያ አትናገር! ላነበው ነው አሁን።

ጤና መኮንን፦
በሙያዬ ጤና መኮንን ነኝ፤ መተማ በኩል ሠርቻለሁ። ስለ ደም መጣጭ ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እውነተኛው ደም መጣጭ እዚሁ እኛው ዘንድ አለና። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፤ ስትመጣ ድምፅ የላትም፤ ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ የምትወጣውም ሲመሽ ነው። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ ልጅ ግራር ስር፣ የተሰነጠቀ ዋልካ መሬት ላይ አጎበር ሳይኖረው ያድራል። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፣ ሰውነቱ ያልቃል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይገፋዋል፣ ደሙ ይሟጠጣል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። አገሩ ሲመለስ እናቱ የምታየው ምንድን ነው? የገረጣ፣ አጥንቱ የወጣ፣ ደም የሌለው ልጅ። ጎረቤት ይሰበሰብና «በልተውታል» ይላል። ከዚያ በላተኛው ይፈለጋል። እኛ ዘንድ ሲደርስ በቃሬዛ ነው።

ባለሙያው ራሱም ይሳሳታል። ሊቦ ከምከም ላይ እ.ኤ.አ. በ2005 ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የተገመተው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ስንቱ አለፈ።

ስለዚህ ቀሃ ዳር፣ ያንተን ዐረፍተ ነገር እንዲህ አቃናልሃለሁ፤ በሽታ ካልነው ሕክምና አለው። ምሕረት የያንዳንዱ ሰው ልብ ጉዳይ ነው፣ እኔ አላዝበትም። እኔ የማዝበት በቀን ሁለት መርፌ ለ17 ቀን ነው። መርፌው ያማል፣ ልጁ ግን በእግሩ ይሄዳል። በመጽሐፉ ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው። ሰውዬው ጀርሙን ካገኘ በኋላም ደም መጣጭ የሚገደልበትን ካስማ ይዞ ይወጣል። ቀን የተኙትን ቤት ለቤት እየዞረ ይገድላል። በሽተኛ መሆናቸውን አውቆ! ይህ ነው ለወጣት የሚሰጠው?

ቀሃ ዳር፦
ልክ እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ትልቅ የሆነው። ዳሽን ማዶ ይቅርታ፣ መናገሬ ነው። ከተለከፉት መካከል ሞተው የሚንቀሳቀሱ አሉ፤ በሕይወት ያሉም አሉ። በሕይወት ያሉት ለበሽታው ማስታገሻ አግኝተው ኑሮ ጀምረዋል፣ ማኅበረሰብ መሥርተዋል። ኔቪል ግን አልለያቸውም፤ ቀን ተኝተው ሲያገኛቸው ሁሉንም ነው የገደላቸው። በመጨረሻ ይዘውት፣ በመስኮት ወደ ሕዝቡ ሲመለከት በሰዉ ፊት ላይ ያየው ፍርሃት ነው። እሱ ለእነሱ ሌሊት ከሚመጣ ጭራቅ አይለይም፤ የቀን ጭራቅ ነው። ደራሲው የሚከሰው ማንን ነው? በሽታ መሆኑን አውቆ ምሕረት የነሳውን ሰው ነው። የኔ ዐረፍተ ነገር ይልቁንም እዚህ ጠነከረ።

የአዘዞው፦
«ምሕረት አለው» ያልክ አንተ፣ አሁን ደግሞ «ምሕረት የነሳውን ይከሳል» ሆነ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተስፋ ነው፣ ሁለተኛው ክስ ነው። 17 ዓመት የሆናት ልጅ ቤቴ አለች፤ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ማንን እንደሚከስ እስኪገባት ድረስ ስንት ሌሊት ካስማና ደም ታነባለች?

ዳሽን ማዶ፦
ነገርከኝ እኮ! በአርባ አራቱ ታቦት፣ ትንሽ ሰው መስማት ነበረብህ።

ዲያቆኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ማንም ያላነሳውን አነሳለሁ። ቀሃ ዳር ገና ሲጀምር «እርግማን ሲሆን የሚቀርህ መግደል ብቻ ነው» ብሏል። ይህ ቃል ከየት መጣ? በወንጌል ለምጻሙ ሲቀርብ ጌታ እጁን ዘርግቶ ነው የዳሰሰው፤ ያን ጊዜ ባክቴሪያ የሚባል ቃል አልነበረም። ምሕረት ማይክሮስኮፕን አልጠበቀችም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን በየጠበሉ ዳር የተጣለውን ሕሙም ማን አበላው? ሰው የጣለውን የሰበሰቡት በእርግማን የሚያምኑት፣ ስለ ነፍስም የሚፈሩት ናቸው። እምነትን የገዳዮች፣ ሳይንስን የመሐሪዎች አድርጎ መክፈል ፍትሐዊ አይደለም።

ማራኪ ግቢ፦
ዲያቆን፣ በዘሌዋውያን ደግሞ ለምጻሙ ልብሱን ቀድዶ «ርኩስ ርኩስ» እያለ ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ ይላል። እሱንስ?

ዲያቆኑ፦
ከሰፈር ውጭ የተቀመጠውን ነው ጌታ መጥቶ የዳሰሰው። አንዱን ነጥለህ አታንብብ። እሱ ይቅርና መጽሐፋችሁን ትላንት ጀመርኩት፤ አንድ ቦታ ላይ አቁሜ አደርኩ። ሰውዬው ሴት ልጁ ሞታ ሬሳዋን በመንግሥት ትእዛዝ እሳት የሚነድበት ጉድጓድ ይጥሉበታል። ሚስቱ ስትሞት እሷንስ አልሰጥም ብሎ በድብቅ ይቀብራታል፤ እሷም ሌሊት ስሙን እየጠራች ትመለሳለች። ይህን ያነበበ የኛ ልጅ የሚማረው ምንድን ነው? ሬሳ ያቃጠለው መንግሥት ልክ ነበር፣ ወዳጁን በክብር የቀበረው ተሳሳተ ማለት ነው? በኮሮና ጊዜ ለቅሶ መድረስ ሲከለከል የሆነውን አስታውሱ። ሰው ከበሽታው ይልቅ ያለ ቀባሪ መሄድን ነበር የፈራ።

ጤና መኮንን፦
ልክ ነበር አይልም ዲያቆን፤ ያን ገጽ እኔም አንብቤዋለሁ። አባቱ እሳቱ ጋ እንዴት እንደሆነ አይተዋል አይደል? ደራሲው ትእዛዙን አላወደሰም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው ከሁለት መጥፎ አንዱን እንደሚመርጥ ነው ያሳየው። እኔ ያንን ምርጫ አውቀዋለሁ፤ ለቤተሰብ «አትንኩት» ብሎ መናገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ ጠበሉ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በክፉ አይያዝብኝ። ጠበል ሄደው መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ተመልሰው በምን ሁኔታ እንደመጡ አይቻለሁ።

ዲያቆኑ፦
አቋርጡ ያለ ቤተ ክርስቲያኗ አይደለችም። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የሚጠመቁ ሰዎች የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ተናግረዋል። በየቦታው የሚነሳውን አጥማቂ ነኝ ባይ ከእኛ ጋር አትደምርብን።

ጤና መኮንን፦
አልደመርኩም። ያ ቃል ግን በየጠበሉ ዳር በየሳምንቱ ይነገር ነው የምለው። አንድ ጊዜ ተነግሮ የቀረ ነገር ቆላ ድረስ አይወርድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሚያስደብቀው ማን እንደሆነ ግን አይነሳም።

የወለቃ ልጅ፦
ከላይ ጀምሬ ሁሉንም አነበብኩ። የምታወሩት ስለሚፈሩት ሰዎች ነው፤ ምን ቢያነቡ ምን ይሆናሉ፣ ይብስባቸዋል ወይስ ይሻላቸዋል። የተፈራውን ሰው ማን ጠየቀው?

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናዋን ይገዟታል፤ በዚያው ጀበና ቡና ሲፈላ ግን አይጠሯትም። ጋሼ የአዘዞው፣ «ከጎረቤቱ ጋር ቡና ይጠጣል» ብለዋል። ከየትኛው ጎረቤት ጋር? በኛ በር አልፎ ሲሄድ የልጁን ፊት በነጠላ ከሚሸፍነው ጋር? ትምህርት ቤት ምሳዬን ብቻዬን ነው የበላሁት። ልጅ ሲታመም «ማን በላህ?» እየተባለ ይጮህበታል። በልጁ አፍ የሚወጣው ስም የባለ ርስት ስም ሆኖ ያውቃል? የቀጥቃጭ ነው፣ የሸክላ ሠሪ ነው። ሌሊት ጅብ ሆነው መቃብር ይቆፍራሉ የተባልነው እኛ ነን። የሰርቢያውን መንደር ሳነብ ሩቅ አገር አልመሰለኝም።

አሁን ስለ «ይተላለፋል»። እኛን ይተላለፋል ብሎ የከሰሰን የለም። ይወረሳል ነው የተባልነው፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ በዘር፣ እስከ ዘለዓለም። ስለዚህ እኔ መጽሐፉን ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ውስጥ በሽታው ሀብታም ከድሃ አይልም፤ የኔቪል ሚስት ትያዛለች፣ ልጁ ትያዛለች፣ በየሌሊቱ ደጁ ላይ ቆሞ «ኔቪል፣ ውጣ!» እያለ የሚጮኸው ደህና ጎረቤቱ የነበረው ሰው ነው። የጌታውም ልጅ ይያዛል ማለት ነው። የተላላፊ በሽታ ፍርሃት ክፉ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ያልፋል። ዘር ነው የተባለ ነገር አያልፍም። ቤተ እስራኤል ዘመዶቻችን አገር ለቀው ወደ እስራኤል ከሄዱ ስንት ዘመን ሆነ፤ እዚህ የቀረነውን ዛሬም በዓይናቸው ይለኩናል። «ለጎንደር አይሆንም» ያሉት ሰው ጎንደር ሲሉ እኛን ቆጥረዋል?

ማራኪ ግቢ፦
ይህን ቅዳሜ ማንም አላለውም። ክበቡ ላይ መነበብ አለበት።

የአዘዞው፦
እታለም፣ አንጀቴን በላሽው። ስለ ቡናው ያልሽውን እቀበላለሁ፤ እኛ ሰፈር የነበረውን ነው የተናገርኩት። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አሁን ዘር ነው ብሎ የሚያምን ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ዘር መሆኑን ትቶ ተላላፊ ነው የሚል ይመስልሻል? ሁለቱንም ነው የሚይዘው። በዘሩ ቡዳ ነው፣ ደግሞም ይጋባል ይላል። ከጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው፤ ክፉ ልብ ያለው ሰው ከመልካም መጽሐፍም ክፉውን ነው የሚያወጣው። ጀበናውንም መግዛት ቢያቆምስ?

የወለቃ ልጅ፦
ጋሼ፣ ክፉ ልብ ያለው ሰው ልብ ወለድ ጠብቆ አያውቅም። የተባልነውን ሁሉ ስንባል መጽሐፉ የት ነበር?

ጎንደሬው በዲሲ፦
ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ይህ ሁሉ አልፎ ሰዉ ቫምፓየርን የሚያውቀው በልጆች ጨዋታ ነው። እናንተ ገና ቡዳ ላይ ናችሁ። ያሳዝናል።

ቀሃ ዳር፦
የሜርሲ ብራውን ልብ የተቃጠለው እዚያው አንተ ያለህበት አገር ነው። ከላይ ተጽፏል፣ አንብበው። ወረርሽኝን በተመለከተ ደግሞ ጎንደር የማንም ተማሪ አይደለችም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ውስጥ የመኳንንቱ ልጆች በፈንጣጣ ይማቅቁ ነበር፤ በርና መስኮቱን ከፍቶ አየር ያስገባላቸው እሱ ነው። የጤና ኮሌጁም እዚህ የተከፈተው ደንቢያን የወባ ወረርሽኝ ከጨረሳት በኋላ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1954፣ መጽሐፉ የታተመበት ዓመት። አንዱ ካሊፎርኒያ ተቀምጦ ስለ ጀርም ልብ ወለድ ሲጽፍ የኛ ሰዎች ቆላ ድባ ላይ ጀርሙን ራሱን ሊገጥሙ እየተዘጋጁ ነበር። ስለዚህ «ለጎንደር አይሆንም» ሲባል የሚያመኝ በምክንያት ነው። የዚህች ከተማ ልጅ ወባና ካላዛር እያየ አድጎ ልብ ወለድ ያስደነግጠዋል ማለት ምን ማለት ነው?

ጎንደሬው በዲሲ፦
ስለ አገሬ የመናገር መብት አለኝ። ርቀት ልጅነቴን አልፋቀውም።

ማራኪ ግቢ፦
መብቱን ማን ከለከለህ? «እናንተ ገና» ማለቱ ነው የሚያስቆጣው።

ዲያቆኑ፦
ቀሃ ዳር፣ የኮሌጁን ነገር ማንሳትህ መልካም ነው፤ ለኔ ግን ያልከውን ያፈርሰዋል። እነዚያ ሰዎች ደንቢያ የወረዱት በሽታ መሆኑን ስላነበቡ ብቻ አይመስለኝም። የሚያልቀው ሰው ወገናቸው ስለሆነ ነው። ምሕረቱ ቀደመ፣ እውቀቱ አገለገለው።

ቀሃ ዳር፦
በምሕረት ብቻ ወባ አይድንም ዲያቆን።

ዲያቆኑ፦
ያለ ምሕረትስ ማን ወደ ቆላ ይወርዳል?

ጤና መኮንን፦
ደመወዝ የተከፈለው ይወርዳል። እኔ ወርጃለሁ፤ ምሕረትም ነበረኝ፣ ደመወዝም ያስፈልገኝ ነበር። ይህን በማለቴ አትቆጡኝ። አሁንም ቢሆን በወጣት ጎን የምሠጋው ካስማው ነው። ክበቡ ያንብበው፤ ነገር ግን ባንድ ቀን፣ ባንድ መቀመጫ፣ መጨረሻው ተነቦ ይለቅ። ግማሹን አንብቦ ቤቱ የሄደ ልጅ ሥራው መግደል የሆነን ጀግና ይዞ ነው የሚሄደው።

ዳሽን ማዶ፦
በአንድ መቀመጫ ልብ ወለድ? ኧረ በማርያም! ደግሞ መብራቱ ቢሄድስ?

የአዘዞው፦
እኔ ድምፅ ይሰጥበት ባይ ነኝ። ወላጅም ይጠራ። የሰውዬውን ቃል በጀርባቸው ከምታነሱት እሳቸውም ተቀምጠው ይመልሱ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ በክብር ይጠየቁ።

የወለቃ ልጅ፦
ድምፅ የሚሰጠው ማን ነው? የክበቡ አባላት ከሆኑ ከኛ ሰፈር አንድም ሰው የለበትም። እኔንም የጠራኝ የለም፤ በጓደኛ ስልክ ነው መጽሐፉን ያነበብኩት።

ቀሃ ዳር፦
ቅዳሜ ነይ፤ እኔ ጠርቼሻለሁ። ደጁ ላይ የሚጮኸውን ጎረቤት ክፍል አንቺ ታነቢልናለሽ።

የወለቃ ልጅ፦
እመጣለሁ። ግን የምመጣው ለማንበብ አይደለም። «ለጎንደር አይሆንም» ያሉትን ሰው ፊት ለፊት ለመጠየቅ ነው።

የአዘዞው፦
ጠይቂያቸው፤ እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ልጄን ግን አላመጣም።

ማራኪ ግቢ፦
ጋሼ፣ ፊልሙን አይታዋለች አይደል?

የአዘዞው፦
አይታዋለች። መጽሐፉን ግን ከኔ በፊት አታነበውም። ቅጂውን የያዘ ሰው ይላክልኝ፤ አንብቤም ሐሳቤን እለውጣለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።